ከስህተት የተቀዳ የግብይት ሙያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ነቀምት የሚያመራው አውራ ጎዳና የምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል እህል ወደ መዲናይቱ የሚገባበት ዋነኛ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ የምትገኘው ባኮ በበቆሎ ምርቷና በምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። የአዲስ ዓለም አካባቢ አርሶ አደሮች ደግሞ ጤፍና ስንዴ ለገበያ ያቀርባሉ።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የተገኘው ከፍተኛ የበቆሎ ምርት ግን ለአምራቹ ኪሳራን ይዞ የመጣ እንደነበር ይታወሳል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በስፋት ተሰራጭቶ ምርቱ ቢያድግም፣ የተመረተውን ገዝቶ የሚያከማችና እጥረት ወዳለበት አካባቢ የሚያደርስ ሥርዓት አልተዘረጋም ነበር። በመሆኑም ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ምርቱን በርካሽ ሸጠ። ወዲያው ዝናብ በመጥፋቱም በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ምርት ካደገ ገበያው ራሱን ያስተካክላል የሚለው ግምት ስህተት መሆኑ የታወቀው በዚህ ውድ ዋጋ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ በመፈለግ ሙያቸውን ከገነቡት መካከል የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላጠናቀቁት የዶክትሬት ዲግሪ ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነው። ጥናታቸው እንደሚያመለክተው፣ ወጥ የጥራት ደረጃ ባለመኖሩ እህሉ በዓይን መታየት ነበረበት፤ ውል የሚያፈርሰውን የሚያስገድድ አሠራር ደካማ በመሆኑም ነጋዴው የሚገበያየው ከሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ነበር። ደላላን መውቀስ የተለመደ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚሠሩት ደላሎች የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን በማገናኘት ወጪ የሚቀንሱ ሆነው መገኘታቸው የጥናቱ ትኩረት የሚስብ ክፍል ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ዶክተር እሌኒ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በአሠራሩ መሠረት ምርቱ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ለባለቤቱም የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል። ሻጭና ገዥ በግብይት አዳራሹ ውስጥ ዋጋ ጮክ ብለው እየጠሩ፣ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይማቱ ነበር። ክፍያውም በማግስቱ በባንክ ይፈጸማል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ጩኸቱ ቀርቶ ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተዛውሯል።

ገበያው የተጀመረው በእህል ነበር። የተቋሙ መነሻ የበቆሎው ችግር በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን የእህል ነጋዴው አልመጣም። በየቀበሌው በትንሽ በትንሹ የሚሰበሰበውን፣ ዋጋውም ከክብደቱ አንጻር አነስተኛ የሆነውን በቆሎ ወደ መጋዘን አጓጉዞ ደረጃ ማስወጣት ለነጋዴው ተጨማሪ ወጪ ነበር። የለመደው ደላላ ደግሞ እዚያው እህል በረንዳ ይጠብቀዋል። የአሠራሩ ጥራት ብቻውን ደንበኛ እንደማያመጣ ተቋሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተረዳ።

በ2001 ዓ.ም. ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲሸጥ በመደረጉ የግብይቱ መጠን በአጭር ጊዜ አደገ። ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄም ተከተሉ። የአሁኑ ዕድገት በከፊል በግዴታ የተገኘ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ቡናው ሌላ ችግር አስከተለ። ከተለያዩ አምራቾች የመጣው ቡና በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ በአንድነት ይሸጥ ስለነበር፣ ከየትኛው ገበሬ ወይም ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ የማይቻል ሆነ። ለእህል የሚበጀው ይህ አሠራር፣ የማሳውን ታሪክ ጭምር ለሚገዛው የልዩ ጣዕም ቡና ገዥ አልተስማማም። ለበቆሎ ነጋዴ ሁለት ኩንታል አንድ ዓይነት ደረጃ ካላቸው አንድ ናቸው፤ ለቡና ቀማሽ ግን አይደሉም። ተቋሙ በኋላ የምርቱን መነሻ የሚከታተል ሥርዓት ሲዘረጋ፣ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ ከምርት ገበያው ውጭ ለሚደረግ ቀጥተኛ ሽያጭ በር ከፍቷል።

የእህሉ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። ጤፍ ዛሬም በአብዛኛው የሚሸጠው ገዥው ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ እያየ፣ ነጭ ወይም ሰርገኛ መሆኑን ለይቶ ዋጋ በመቁረጥ ነው።