ድምፅዎ ከሻከረ ስንት ጊዜ ሆነው?

ሦስት አራት ቀን ከሆነው አይደንግጡ። ብርድ ይሆናል፤ ልጆች ሲቆጡ መዋል ወይም በፋብሪካ ጩኸት መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ መነጋገርም ያመጣዋል። ሦስት ሳምንት አልፎት ካልተሻለዎት ግን ማርና ዝንጅብሉ ይበቃልና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ምክንያቱን እንንገርዎ።

በማንቁርታችን ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ተጋጥመው ይርገበገባሉ፤ ስንውጥም ተዘግተው ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከለክላሉ። እነዚህን አውታሮች በግራና በቀኝ ያሉ ነርቮች ያዟቸዋል። የነርቮቹ መንገድ ግን የሚያስገርም ነው። ከአንጎል ተነሥተው ማንቁርትን አልፈው ይወርዳሉ። የቀኙ ከአንገት ግርጌ ካለው የደም ሥር በታች ዞሮ ይመለሳል፤ የግራው ደረት ድረስ ገብቶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ዞሮ፣ ከዚያ ሽቅብ ይመጣል። በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው የግሪክ ሐኪም ጋሌን ይህን ነርቭ በሚጮኽ አሳማ ላይ ቢቆርጠው፣ እንስሳው እየተወራጨ ድምፁ ጠፍቷል።

እንግዲህ ጉሮሮ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ችግሩ ከደረት ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። የሳንባ ካንሰር፣ በሳንባ ነቀርሳ ያበጠ ንፍፊት፣ የልብን የግራ ክፍል የሚያሰፋ በሽታም ነርቩን ተጭኖ አውታሩን ሽባ ያደርገዋል።

ለሴቶች በይበልጥ የሚቀርበው ግን የእንቅርት ጉዳይ ነው። አዮዲን በሚያንስበት ደጋ አገራችን እንቅርት ብዙዎችን፣ በተለይም ሴቶችን ያጠቃል። ነርቩ ከእንቅርቱ ጀርባ ተጠግቶ ስለሚያልፍ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። «ድምፄ ይጠፋል» ብለው እንቅርታቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚኖሩ እኅቶች ይህን ሰምተው ነው። ሆኖም ከጉዳቱ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል። ፈርቶ ከመቅረት፣ አውታሮቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ እንዲታዩ ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል።

ድምፁ የተዘጋ ሕፃን ይዘው እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚሄዱ እናቶች ዛሬም አልጠፉም። እንጥል አውታሮቹን አያዝም፤ ትርፉ መድማትና መመርቀዝ ነው።

የአንድ ወገን አውታር ሽባ ሲሆን ድምፅ ትንፋሽ የበዛበትና ቶሎ የሚደክም ይሆናል፤ ውሃ ትን ይላል፤ ሳልም ኃይል ያጣል። ሁለቱም ከያዛቸው ትንፋሽ ሲሳብ ሲር ሲር ይላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱ።

ምርመራው አያስፈራም። ሐኪሙ በትንሽ መስተዋት ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ አውታሮቹን ያያል፤ ደረትም ራጅ ይነሣል። ነርቩ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊያገግም ስለሚችል፣ እስከዚያው የድምፅ ልምምድ ይታዘዛል። ካላገገመም ሽባውን አውታር በመርፌ ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና ወደ መካከል ማስጠጋት ይቻላል። መምህርትም ትሁን ገበያ ላይ ደንበኛ የምትጠራ፣ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት መንገድ አለ። ውሃ ትን የሚላት ደግሞ ተቀምጣ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨች፣ በምትውጥበት ጊዜ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ማድረግ ይረዳት እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ።