ከባሕር ማዶ መጣ የሚባል አያት በምን ይጣራል?

ሰቆጣ፦ «ከአያቶቻችን አንዱ በመርከብ የመጣ ፖርቱጋላዊ ነበር» የሚል ወግ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ቢሰማ ሊያስገርም አይገባም። አንዳንዱ ወጉን እንደ ክብር ይይዘዋል፤ ሌላው ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ከማጣራት በፊት የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። ፖርቱጋሎች መጥተው በዚህ ምድር መቅረታቸው በጽሑፍ የተረጋገጠ ታሪክ ነው። የአንድ ቤተሰብ ሐረግ ከእነርሱ ይደርሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚፈለገው በቅድሚያ በሊዝበን ሳይሆን በገዛ ሽማግሌዎቻችን ዘንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

እነማን መጡ?

በስም ከሚታወቁት ቀዳሚዎች አንዱ በ1487 ከንጉሡ ከዳግማዊ ዡዋው ተልኮ የወጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። በ1490ዎቹ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ እንዲመለስ ስላልተፈቀደለት ርስት ተሰጥቶት፣ ትዳር መሥርቶ፣ ልጆች ወልዶ እዚሁ ኖረ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ በሕይወት አግኝተውታል። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬዝ የዋግ ጎረቤት በሆነው በላስታ የሚገኙትን የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታትሟል።

በቁጥር የበዙት ግን ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። በ1541 የታዋቂው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪሽቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ከሕንድ በተነሡ የፖርቱጋል መርከቦች የመጡ ሰዎች ነበሩ። የተላኩትም ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ አሕመድ ከሚባለው፣ ጋር ይዋጋ የነበረውን የዐፄ ገላውዴዎስን መንግሥት ለመርዳት ነው። የንጉሡ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ተቀብላቸው አብራቸው ተጓዘች።

ለዋግ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ወታደሮቹ የ1542ን ክረምት ያሳለፉት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በወፍላ ነው፤ ስፍራው ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። በነሐሴ መጨረሻ በዚያው በተደረገው ጦርነት ተሸነፉ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከ400ው የተረፉት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። የተረፉት ከንጉሡ ጋር ተቀላቅለው በየካቲት 1543 ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ተሰለፉ፤ ኢማሙም በዚያ ወደቀ።

ከዘማቾቹ አንዱ ሚጌል ዴ ካሽታኞዞ ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1564 በሊዝበን ታተመ። አብዛኞቹ ግን አልተመለሱም። መሬት ተሰጥቷቸው፣ የአገሩን ሴቶች አግብተው፣ ልጆቻቸውም በነገሥታቱ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነው ኖሩ።

ስማቸው የት ገባ?

ሐረጉን ለመከተል የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነገር ስም ነው። በእኛ ባህል ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይወርስም። ስለዚህ የፖርቱጋላዊው የቤተሰብ ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል። የመጀመሪያ ስሙም ቢሆን ክርስቲያናዊ ስለሆነ በአገሩ መልክ ይለወጣል፤ ፔድሮ ጴጥሮስ፣ ዡዋው ዮሐንስ፣ ሚጌል ሚካኤል፣ ማኑዌል አማኑኤል ይሆናል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ የእንግዳውን የልጅ ልጅ ከጎረቤቱ የሚለይ ስም አይኖርም።

ሁለተኛው ሃይማኖትና ፖለቲካ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን የፖርቱጋሎቹ ልጆች በግልጽ ይታወቁ ነበር። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ካስወጡ በኋላ ግን ኑሯቸው ጠበበ። በ1660ዎቹ መጨረሻ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከፖርቱጋል የተወለዱት ወይ የኦርቶዶክስን እምነት እንዲቀበሉ ወይ አገር ለቅቀው ወደ ስናር እንዲሄዱ ተወሰነባቸው። የቀሩት ከሕዝቡ ጋር ተዋሕደው ራሱን የቻለ ወገን መሆናቸው ቀረ። እንዲህ ባለው ዘመን የአያትን አገር አለመናገር ለቤተሰብ ደኅንነት የሚበጅ ነበር።

ስለዚህ በማስረጃነት የማይበቁ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የቆዳ ቅላት፣ የአፍንጫ ቅርጽ ወይም «ፈረንጅ» የሚል ቅጽል የዘር ማስረጃ አይሆንም። የስም መመሳሰልም እንዲሁ ነው። ብርቱካን የምንለው ፍሬ ስሙ በቱርክና በዐረብ ቋንቋዎች በኩል ከፖርቱጋል የመጣ ነው፤ ይህ ግን ብርቱካን የበቀለበት ጓሮ ሁሉ የፖርቱጋል ርስት ነበር አያሰኝም።

በደሴቶቹ ያለው መዝገብ

ከፖርቱጋል ወደ ሕንድ በሚሄዱ መርከቦች ከዋናው ምድር ብቻ ሳይሆን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካሉት ከማዴራና ከአዞሬስ ደሴቶችም ሰው ይሣፈር ነበር። የአዞሬስ ደሴቶች ከሕንድ የሚመለሱ መርከቦች ማረፊያም ነበሩ። በወፍላ ተማርኮ የተገደለው የክሪሽቶቫው አጎት ፓውሎ ዳ ጋማ በ1499 ከሕንድ ሲመለስ ሞቶ የተቀበረው ከአዞሬስ አንዷ በሆነችው በቴርሴራ ደሴት ነው።

ዛሬ የሁለቱም ደሴቶች ቤተ መዛግብት የአጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር መዝገቦቻቸውን በኢንተርኔት አቅርበዋል። ከደሴቶቹ ወደ ብራዚል ወይም ወደ አሜሪካ የተሰደደ መርከበኛ ዘሮች በእነዚህ መዝገቦች ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ መቁጠር ይችላሉ።

ለእኛ ጉዳይ ግን የዘመን ችግር አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ሁሉ መዝገብ እንዲይዙ ያዘዘችው በ1563 በትሬንት ጉባኤ ነው። ከዚያ በፊት የጀመሩ አጥቢያዎች ጥቂት ናቸው። በ1541 ምጽዋ የወረደ ወታደር የተወለደው ከትእዛዙ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ስለሆነ የጥምቀቱ መዝገብ የመገኘት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦችን ጉዳይ ይዞ የነበረው መሥሪያ ቤት መዝገብም በ1755 ሊዝበንን ባፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጠፍቷል። የመንግሥቱ ዋና ቤተ መዛግብት ቶሬ ዶ ቶምቦ ሕንፃው ቢፈርስም ሰነዶቹ በአብዛኛው ተርፈዋል።

የእኛ መዝገብ ሽማግሌ ነው

በሌላ በኩል የደጋው ሰው ሐረጉን አጥብቆ የሚያውቅበት ምክንያት ነበረው። በርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በአባትም ሆነ በእናት በኩል ቆጥሮ በማስረዳት ነበር። ሐረጉን የማያውቅ በሽማግሌ ፊት ይረታል። ጋብቻም ቢሆን ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው። በዋግ ደግሞ ከዛጉዌ ነገሥታት እንወለዳለን የሚሉት የዋግ ሹሞች ሥልጣናቸው የቆመው በትውልድ ቆጠራ ላይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። ጭሰኛን ከባለ መሬት ቀንበር ያላቀቀው ይህ አዋጅ ሳይታሰብ ሌላ ውጤትም አመጣ፤ ትውልድ መቁጠር የዕለት ጥቅሙ ቀረ። ያኔ በሽማግሌ ጉባኤ ተቀምጠው ሐረግ ሲቆጠር የሰሙ ወጣቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ከእነርሱ ጋር የሚቀበረው ቆጠራ በየትኛውም ቤተ መዛግብት ቅጂ የለውም።

ማጣራቱ እንዴት ይጀመራል?

በዘር ጥናት የተለመደው ሥርዓት ከታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ ነው። ከዝነኛው ሰው ጀምሮ ወደ ራስ መውረድ የሚፈለገውን መልስ ብቻ ይሰጣል። ከራስ ጀምሮ ወደ አባት፣ ወደ እናት፣ ወደ አያት አንድ አንድ ደረጃ መውጣት ግን የማይታወቀው ከየት እንደሚጀምር በግልጽ ያሳያል።

ሽማግሌን ሲጠይቁ ስም ብቻ መያዝ አይበቃም። የት ተወለደ? በየትኛው ደብር ተጠመቀ፣ የት ተቀበረ? የማንን ርስት አረሰ? በየትኛው ንጉሥ ወይም በየትኛው የረሀብ ዘመን ነበር? የሚሉት ጥያቄዎች ስሙን ከዘመንና ከቦታ ጋር ያያይዙታል። ድምፅን በእጅ ስልክ መቅዳት ይቻላል። በኽምጣና የሚነገረው በኽምጣና ይቀዳ፤ በትርጉም ስምና ቦታ ይዛባል። ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቆ ማመሳከርም ይገባል።

ቀጥሎ ደብር ነው። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት፣ በተለይም በወንጌል ኅዳጎች ላይ፣ የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። ብራናው ከደብሩ ሳይወጣ፣ በካህናቱ ፈቃድና በእነርሱ ፊት ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራናና የሰነድ ስብስቦች አሏቸው።

የዘረመል ምርመራስ?

ከ1541 ወዲህ 480 ዓመት ገደማ አልፏል። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ 16 ትውልድ ይሆናል። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት እያሉ ቢቆጥሩ በ16ኛው ትውልድ የአያት ቦታ 65,536 ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ፖርቱጋላዊ ቢሆን እንኳ ከእርሱ የተወረሰ አንዳችም የሚለይ ነገር በዛሬው ልጅ ደም ላይገኝ ይችላል። ልዩነቱ ከወንድ ወደ ወንድ ልጅ ሳይቋረጥ የሚተላለፈው የዘረመል ክፍል ነው፤ ሐረጉ ሙሉ በሙሉ በአባት በኩል ከሆነ ጥቆማ ሊሰጥ ይችላል። ያም ቢሆን የመጣበትን አህጉር ቢጠቁም የሰውየውን ስም አይናገርም።

ይህ ስሌት ከመታለልም ይጠብቃል። 480 ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠር ሐረግ የፖርቱጋል ዜግነት አያስገኝም። «የዘር ማስረጃ አውጥተን ወደ አውሮፓ እንልክሃለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ከብቱን ሸጦ መስጠት አይገባም።

ሐረጉን የሚያጣራ ቤተሰብ ሰባት ወይም ስምንት ትውልድ ላይ ሲደርስ መንገዱ ሊቆምበት ይችላል። መርከበኛውን ባያገኘው እንኳ ያረሱትን፣ የዘመቱትን፣ ረሀብ ያሳለፉትን አያቶቹን በስምና በቦታ ለልጆቹ ያስረክባል። አዝመራ ተሰብስቦ ሠርግና ዝክር ሲበዛ ሽማግሌዎች በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ ለመጠየቅ ከዚያ የሚመች ጊዜ የለም።