ነጋሪት ጋዜጣን ከመጨረሻው ገጽ

የአንድ ባንክ፣ የመድን ድርጅት ወይም ፋብሪካ ነገረ ፈጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ውል የሚያረቅና ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ነው። ከሁለቱም የሚቀድም ሥራ አለበት፤ ዛሬ የሚሠራው ሕግ የትኛው እንደሆነ ማወቅ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የንግድ ሕጎቻችን ፋታ አልሰጡትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ2011፣ የኢንቨስትመንቱ በ2012፣ የንግድ ሕጉና የካፒታል ገበያው በ2013፣ የግል መረጃ ጥበቃውና የተጨማሪ እሴት ታክሱ በ2016፣ የባንክ ሥራው በ2017 ዓ.ም. አዲስ ሆነው መጥተዋል። የውጭ ጠበቃ ጉዳዩ ሲመጣለት ያጠናል። ነገረ ፈጅ ግን ጉዳዩ ሳይመጣ ማወቅ ስላለበት "ከነገሩ ጦም እደሩ" የሚለው ምክር ለእሱ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የሚከታተልበት ዋና መሣሪያ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን የፌዴራሉ በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 መጣ። በእሱ ላይ የወጣን ሕግ ማንም ሰው፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት እንዳወቀው ይቆጠራል። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ይታተማል፤ ሁለቱ ከተለያዩ አማርኛው ይገዛል። ይህንን እያወቁ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ብቻ አንብበው አስተያየት የሚጽፉ ባልደረቦች አሉ። አዋጅ ቁጥር 1243/2013ን እና 1243/2021ን እንደ ሁለት ሕግ የጠቀሰ ጽሑፍም በእጄ ገብቶ ያውቃል። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ እባካችሁ!

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ማንም የማያየውን የመጨረሻውን ገጽ ነው። ሦስት ጉዳዮች እዚያ ይገኛሉ፦ የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። አዲስ አዋጅ ሲወጣ ሁሉም ሰው ወደ ትርጓሜውና ወደ ቅጣቱ ይሮጣል። ነገረ ፈጁን የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ ማለትም "ትናንት የፈረምነው ውል በየትኛው ሕግ ይታያል?" የሚለው፣ መልሱ ያለው መጨረሻ ላይ ነው።

ትልቁን ማሳያ ልጥቀስ። "የ1952ቱ ንግድ ሕግ ተሽሯል" የሚለውን አነጋገር ከስብሰባ እስከ ሥልጠና አዳራሽ እሰማዋለሁ። አልተሻረም! የ2013ቱ አዋጅ የሻረው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው፤ ነጋዴዎችን፣ የንግድ ማኅበራትንና ኪሳራን የሚመለከቱትን ማለት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። የፈረንሳዩ ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምረውት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሱት ረቂቅ እነሆ አሁንም ከአንቀጽ 654 ጀምሮ የመድን ውልን፣ ከአንቀጽ 715 ጀምሮ ደግሞ ቼክንና ሌሎች የሚተላለፉ ሰነዶችን ይገዛል። የባንክ ሥራ ውሎችም እዚያው ናቸው። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ይህን አሮጌ መጽሐፍ የሚፈልጉት ባንኮችና መድን ድርጅቶች ሆነው ሳለ፣ አንድ የመድን ድርጅት ነገረ ፈጅ አዲሱ ሕግ በወጣ ማግስት የድሮውን ከመደርደሪያው አውርዶ ለተማሪ ሰጥቶታል። የካሣ ክርክር ሲመጣበት ግን አንቀጹን ፍለጋ ወደ እኔ ደወለ። "አዲሱ ላይ የለም እኮ" አለኝ። እንዴት ይኖራል?

በአንጻሩ አንድ አንጋፋ የባንክ ነገረ ፈጅ አውቃለሁ። አዲስ ሕግ ሲወጣ በእርሳስ የድሮው ሕግ ኅዳግ ላይ የሻሪውን አዋጅ ቁጥርና ቀኑን ያሰፍራሉ፤ ያልተነካውን አንቀጽ ደግሞ "ይሠራል" ብለው ይጽፉበታል። "ልጄ፣ በስም የተሻረውን ማንም ያውቀዋል፤ ነገረ ፈጅ የሚያስፈልገው ለሌላው ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ አዋጅ የሚሽረውን ሕግ በቁጥር ይጠራል። ብዙው ግን "ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም" ብሎ ያልፋል። የትኛው አንቀጽ እንደሚቃረን ለይቶ ለአለቃው መንገር የነገረ ፈጁ ዕዳ ነው።

የሚጸናበት ቀንም እንደዚሁ ነው። ዜናው "ጸደቀ" ሲል ሕጉ ሥራ ጀመረ ብሎ የሚነሣ የሰው ኃይል ክፍል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ምክር ቤቱ ካጸደቀው በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ የወጣው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል። በመካከሉ የወለደች ሠራተኛ ስንት ቀን ይገባታል ለሚል ጥያቄ መነሻው ያ የኅትመት ቀን ነው።

መመሪያ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሳይመዘገብና በድረ ገጽ ሳይለጠፍ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትደንግጡ፤ የመመሪያውን ቁጥር ጠይቁ። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔም አይዘንጋ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ የአንቀጹ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ለነገረ ፈጆች ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሁሉ የአዋጁን "ይዘት" በስላይድ ከመደርደራቸው በፊት የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ቢያስነብቡ ግማሹ ሥራ ያልቃል። እናንተም የሚቀጥለው አዋጅ እጃችሁ ሲገባ ከኋላ ግለጡት። የ1952ቱን ንግድ ሕግ ደግሞ ለማንም አትስጡ።