ከመሬት በታች ያለው ባለውለታ



በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቼ የቀይ ቀበሮን ፎቶግራፍ ሳሳይ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስሙን ይጠሩታል። ቀጥዬ ግዙፉን ፍልፈል ሳሳይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁለቱንም ግን ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው አንድ ሰው ነው፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ ቀበሮውን እ.ኤ.አ. በ1840፣ ፍልፈሉን በ1842።

ይህ ፍልፈል ዛሬ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይታወቅም። ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ኑሮው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለግጦሽ ብቅ የሚለውም ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ከደጁ ሳይርቅ። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የቀረቡ በመሆናቸው ገና ጭንቅላቱን ሲያወጣ አካባቢውን ይቃኛል።

ይህን ያህል የሚጠነቀቀው በተለይ ቀይ ቀበሮን ፈርቶ ነው። የባሌ ቀበሮ የሚኖረው አይጦችንና ፍልፈሎችን እያደነ ሲሆን፣ ከሁሉም ትልቁ ሲሳዩ ይህ ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ባሌ ነው። እንግዲህ ሣሩ ከልክ በላይ ተግጦ፣ መሬቱም ታርሶ ፍልፈሉ ቢጠፋ፣ ቀበሮውን በአዋጅ ብቻ ልናቆየው አንችልም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን ርእስ ስትመርጡ ስሙን መጥራት ያቃታችሁን እንስሳ እንድታስቡት ነው።