አሮጌ ብስክሌት ገዝተዋል? እንግዲያው የፍሬኑን ጎማ ይመልከቱ

በአውሮፓ ከተሞች የሚኖር ወገናችን ብስክሌት ሲፈልግ ዐይኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአሮጌው ላይ ነው። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠራ ራሌይ፣ ፔዦ ወይም ጋዜል ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ለሌባም እንደ አዲሱ አያጓጓም። ገዢው ቀለሙን ይወለውላል፣ ሰንሰለቱን ዘይት ያጠጣል፣ ጎማውን ይነፋል። የሚረሳው ፍሬኑን ነው። ሌሊት ከምግብ ቤት ሥራ ወጥቶ በዝናብ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን ነፍሱ የተንጠለጠለችው የጣት ያህል በሚሆኑ አራት የፍሬን ጎማዎች ላይ ነው።

(በሆላንድ አገር ብዙው አሮጌ ብስክሌት የሚቆመው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። የእርስዎ እንዲያ ከሆነ ይህን ገጽ ለጎረቤትዎ ይስጡት። በጀርመንና በእንግሊዝ ግን ሕጉ ሁለት ፍሬን ይጠይቃል፤ አንዱ ቢበጠስ ሁለተኛው ለብቻው መሥራት አለበት።)

ከወረቀቱ ያልወጣ አሮጌ

በአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ማታለያ አለ፤ ሻጩ ራሱም ሳያውቀው ይሆናል የሚያታልለው። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ የፍሬን ጎማ፣ የፋብሪካው ስም ያለበት፣ ከነካርቶኑ። «አንድ ቀን እንኳ አልተነዳበትም» ይባላሉ። እውነት ነው፣ አልተነዳበትም። ጎማ ግን እንደ ጠጅ ሲቆይ አይጥምም። አየርና ጊዜ ያደርቁታል፤ በጥፍር ቢጫኑት አይሰረጉድም፤ ገጹም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለው ጎማ ቸርኬውን አይጨብጥም፣ ይንሸራተታል እንጂ። ብስክሌቱን ለጌጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ይግዛው። እርስዎ የሚነዱበት ከሆነ መልኩ ከዘመኑ ጋር ባይሄድም አዲስ የተሠራውን ይውሰዱ።

ማግኔት ይዘው ይሂዱ

ጎማ ከመምረጥዎ በፊት ቸርኬው ከምን እንደተሠራ ይወቁ። ማግኔት ያስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ሁሉም ነገር ከዚህ ይነሣል።

ክሮም የተነከረ የብረት ቸርኬ ያምራል፤ በበጋም ደህና ይቆማል። ዝናብ ሲነካው ግን ሌላ ነው። ልስልሱ ክሮም ላይ ውሃው ይጋረድና ፍሬኑ የተያዘም አይመስል። ስለ ብስክሌት ሳይንስ የጻፉት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ዴቪድ ጎርደን ዊልሰን የእርጥብ ፍሬንን አደጋ አጥብቀው ካነሡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ለዚህ ሲባል ድሮ ፊቱ ቆዳ የተለበጠ የፍሬን ጎማ ወጥቶ ነበር፤ የዌልሱ ፋይብራክስ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ካገኙት በብረት ቸርኬ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት። አሉሚኒየም ላይ ከገባ አሸዋ ይይዝና ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ለሁለቱም የሚሆነው ኩል ስቶፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው፣ የሳልሞን ዓሣ ሥጋ የመሰለ ቀለም ያለው ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈው የማሳቹሴትሱ ዝነኛ የብስክሌት መካኒክ ሼልደን ብራውን ይህንኑ ይመክር ነበር። በእርጥብ ከጥቁሩ ይሻላል። ይሁን እንጂ በብረት ቸርኬ ላይ ተአምር አይጠብቁ፤ በዝናብ ጊዜ ቀደም ብለው ፍሬኑን በስሱ ይያዙ፣ ጎማው ውሃውን እስኪጠርግ። ገንዘብ ሲገኝ ቸርኬውን ራሱን በአሉሚኒየም መቀየር ከማናቸውም ጎማ ይበልጣል። ባለ 27 ኢንቹን በ700 ከቀየሩ ግን አዲሱ ቸርኬ 4 ሚሊሜትር ዝቅ ስለሚል የፍሬኑ ጎማ ያን ያህል መውረድ መቻሉን አስቀድመው ይለኩ።

ልኩ

አሮጌውን ጎማ ፈትተው ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። አንዳንዱ ጥርስ ባለው ብሎን በዳዶ ይታሰራል። አንዳንዱ፣ እንደ ፈረንሳዩ ማፋክ ያለው፣ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ዘንግ አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለአዲስ ብስክሌት የሚሠራው 70 ሚሊሜትር የሚሆን ረጅም ጎማም በአሮጌው ላይ ከብረቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከእጀታው እስከ ታች በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ጎማው ቸርኬውን ከጎን ሳይሆን ከውስጥ ወደ ላይ ነው የሚይዘው፤ ለሱ የተሠራውን ለይተው ይጠይቁ።

ሲያስሩ

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ልብ ይበሉ። አንዳንድ የጎማ መያዣ አንዱ ጫፉ ክፍት ነው፤ ጎማው ሲያልቅ እንዲንሸራተት ወጥቶ እንዲቀየር። የተዘጋው ጫፍ ወደ ብስክሌቱ ፊት መሆን አለበት። ተገልብጦ ከታሰረ ፍሬን ሲይዙ የሚሽከረከረው ቸርኬ ጎማውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ የሚያቆምዎ መኪናው ወይም ግድግዳው ነው።

ጎማው በቸርኬው ላይ ብቻ ይረፍ። ወደ ላይ ወጥቶ የውጪውን ጎማ ከነካ ይበላዋል፤ ወደ ታች ከወረደ ራጂው ውስጥ ይገባል። የፊተኛው ጫፉ አስቀድሞ ይንካ፣ የኋላው 1 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ፤ ያ ሲሆን ሰፈር የሚቀሰቅሰው ጩኸት ይቀራል። በኋላው ጫፍ ሥር የታጠፈ ወረቀት አስገብቶ ማጥበቅ ቀላሉ ዘዴ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ ለፊቱ ያድርጉት፤ ብስክሌትን በብዛት የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነውና። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ መጀመሪያ በደረቅ፣ ቀጥሎ ቸርኬውን ውሃ አርከፍክፈው ይሞክሩት። ከሳምንት በኋላም ዳዶውን ደግመው ያጥብቁ፤ አዲስ የታሰረ ይላላል።