አሮጌው ዲኤክስ በአምባሰል ዳገት ሲመዘን

መስከረም በገባ ቁጥር የደሴ፣ የሐይቅና የውጫሌ መናኸሪያዎች ይጨናነቃሉ። ወሩ በ21ኛው ቀን የግሸን ማርያም ክብረ በዓል አለበት። ግሸን ያለችው በአምባሰል ወረዳ ሲሆን፣ ወደ አምባዋ የሚሄደው ምእመን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አባዱላውና ቅጥቅጡ አይበቃም። በዚህን ጊዜ ነው ዓመቱን ሙሉ ከገበያ ዳር ቆሞ የነበረው የቤት መኪና ታጥቦ የሚወጣው። ብዙ ጊዜም ኮሮላ ዲኤክስ ነው።

እንበልና አንድ የሐይቅ ነጋዴ ዕቁብ ደርሶት፣ ከወንድሙም ጥቂት ተበድሮ፣ ከደሴ ገበያ የ1983 ሞዴል ዲኤክስ ገዛ። ደላላው «ቦዲው ንጹሕ፣ ሞተሩ ያልተነካ» ብሎታል። ሊብሬው ተጣራ፣ ቦሎው ታየ፣ ኮሚሽኑ ተከፈለ። ገዢው ሒሳቡን ሠርቷል፤ የበዓሉ ሰሞን ምልልስ የወንድምን ብድር ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ዳገቱ አልገባም።

ደሴ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሐይቅ 2000 ሜትር ግድም ነች። ወጣ ገባው ከዚያም ወደ ውጫሌ ይቀጥላል። ነጋዴው አምስት ሰው ከነስንቁ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ መጀመሪያ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና መኪናው አይቆምም። በማርሽ የሚወርድ ሾፌር ይህን ይከላከላል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ የሚለቀው ግን የቆጠበውን በምን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ይቀራል።

መልሱ ደግሞ አቀበት ነው። የዲኤክሱ ሞተር፣ በመካኒኮች ዘንድ ፎርኬ የሚባለው፣ 1300 ሲሲ ገደማ ሆኖ አዲስ በነበረበት ዘመን 60 የፈረስ ጉልበት ግድም ነበረው። በደሴ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ በወረቀት 60 የነበረው 45 ይሆናል፤ ያውም አርባ ዓመት ያላረጀ ቢሆን። ሾፌሩ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲታገል ሙቀቱ ይወጣል። ውኃ በዚህ ከፍታ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን የሚከላከለው ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ውኃው ገንፍሎ ይወጣል፤ ገዢው ክዳኑን መቼ አየ?

የፎርኬ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ሞተሩ ሲግል አሉሚኒየሙ ይጣመማል፣ በመሐል ያለችው ጓርኒሲዮን ትቃጠላለች፣ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይላጫል። ሾፌሩ ነጭ ጭሱን ቸል ብሎ «እስከ ሐይቅ ይድረስ» ካለ ደግሞ ሞተሩ ይነክሳል። ተሳፋሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ሌላ መኪና ይይዛል። ዕቁቡና የወንድም ብድር መንገድ ዳር ቆመው ይቀራሉ። የሦስተኛ ወገን መድን ለዚህ አይከፍልም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ገበያ መርምሯል። በእርሱ አገር ብልሽቱ የማያልቅ መኪና «ሎሚ» ይባላል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ይላል፤ ገበያው ለሎሚ ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

እነዚሁ አሜሪካውያን ሎሚን ለጨዋታም አውለውታል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስመ ጥሩ የሌማንስ ውድድር ስም ላይ የሚቀልድ «ሃያ አራት አወርስ ኦፍ ሌመንስ» የሚባል የአማተሮች የቅዳሜና እሑድ ውድድር ያካሂዳሉ። የመኪናው ዋጋ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል፤ እንደተጠበቀውም ብዙው ተወዳዳሪ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከኮፋኖ ሥር ነው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን የደንቡ ሌላ አንቀጽ ነው። ለፍሬን፣ ለጎማና ለደኅንነት ዕቃ የወጣው ገንዘብ ከ500 ዶላሩ ውስጥ አይቆጠርም። ለቀልድ የሚነዱ ሰዎች እንኳ ፍሬንን ከዋጋ ክርክር ውጭ አድርገውታል። የእኛው ዲኤክስ ወገን የሆነው ኬኢ 70 በአውስትራሊያና በኢንዶኔዥያ ወጣቶች ዘንድ የመንሸራተት ውድድር ተወዳጅ ነው፤ እዚያ የሚነክስ ሞተር የአንድ ሰው መዝናኛ ያበላሻል እንጂ የቤተሰብ ጥሪት አያሟጥጥም።

ታዲያ ዲኤክስ ለምን ዋጋው አይወድቅም? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አሮጌ መኪና ሲገባ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በእነዚህ ሁሉ ተከልሎ ተቀመጠ። መለዋወጫው ግን በምንዛሪ ይገባልና አልተከለለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበረ፣ አንዲት ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ እስክትመጣ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀንም ዋጋ አለው።

ውጫሌ ስትጠራ የሚታወሰው በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላሉ»፣ በጣልያንኛው «ግዴታ» የሚል ሆኖ ተገኘ። መኪና የሚሸጥ ደላላና የሚገዛ ነጋዴም «ሞተሩ ያልተነካ» የሚለውን ቃል በዚሁ ዓይነት ለየራሳቸው ይተረጉሙታል። ለሻጩ ሞተሩ ተፈትቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ለገዢው አይፈታም ማለት ነው። (ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ የሚሉት ቃላት ከዚያው ከጣልያንኛ መምጣታቸው የመካኒኮቹ ጉዳይ ነው።)

ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ በተፈጸመበት ቀን ነውና ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር አይመለከተውም። በደሴ ሜዳ መንገድ ላይ አንድ ዙር መንዳት ፈተና ተብሎ ይቆጠራል። ለገዢው የሚሻለው ከመካኒክ ጋር በማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት፣ ሐይቅ ድረስ መውረድ፣ አራት ሰው ጭኖ መመለስና የሙቀቱን መርፌ ማየት ነው። ደሴ ሲደርስ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት፤ ውኃው ላይ ዘይት ከታየ ዋጋውን ከቴስታታው ማሳደሻ ጀምሮ መደራደር፣ የፍሬን ዘይትና ሸራ መቀየሪያውንም ከሻጩ ላይ ማስቀነስ። ይህን ጉዞ አልፈቅድም የሚል ሻጭ ካለ ስለ መኪናው ከደላላው የበለጠ ነግሯል።