ዐይን የማይደርስበትን ብርሃን መለካት



በክረምት ወራት ከደብረ ታቦር ሆኖ ወደ ጉና ተራራ የሚመለከት ሰው፥ መብረቅ ሲበርቅ አንድ ብልጭታ ብቻ ያየ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ያ ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ የተከታተሉ የብዙ ምቶች ድምር ነው። ዐይናችን ዘገምተኛ ስለ ሆነ ብዙውን አንድ አድርጎ ይቀበለዋል። ሊቃውንትን በሌዘር ብርሃን ላይ ያጋጠማቸውም ችግር ይህንኑ ይመስላል።

ሌዘር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 በአሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን ከተሠራ ወዲህ፥ የብርሃኑ ምት እያጠረ ሄዶ እስከ ፌምቶሴኮንድ ደርሷል። ፌምቶሴኮንድ ማለት አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፥ ከክፍሎቹ አንዱ እንደ ገና ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን በዚህ ጊዜ የሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ እንኳ አይራመድም። ግብፅ የተወለደው ሊቅ አሕመድ ዘዋይል በእንዲህ ያሉ ምቶች የአተሞችን እንቅስቃሴ ስለ መረመረ፥ በ1999 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህን የሚያህል አጭር ነገር እንግዲህ በምን ይለካል? የቈየው ዘዴ ምቱን በራሱ መለካት ነው። ይኸውም ምቱን ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱን በመስተዋት ጥቂት አዘግይቶ፥ ሁለቱን በክሪስታል ውስጥ ማገናኘት ነው። ነገር ግን መስተዋቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተገፋ ልኬቱ ስለሚደጋገም፥ የሚገኘው ውጤት የብዙ ምቶች አማካይ እንጂ የአንዱ ምት መልክ አይደለም።

ኋላ የመጣው ዘዴ ምቱን በረጅም የመስታወት ክር ውስጥ መስደድ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። ከደብረ ታቦር ገበያ ብዙ መንገደኛ ባንድነት ቢወጣ ለመቍጠር ያስቸግራል። የወረታን ቍልቍለት ሲይዙ ግን ፈረሰኛው ይቀድማል፥ ባለበቅሎው ይከተላል፥ አህያ የሚነዳው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወረታ ላይ የተቀመጠ ጸሓፊም እያንዳንዱን በተራ ይመዘግባል። በመስታወቱ ክር ውስጥም እንደዚሁ አንዱ ቀለም ይፈጥናል፥ ሌላው ይዘገያል። ምቱ ተዘርግቶ ስለሚወጣ፥ ኦሲሎስኮፕ የተባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን ምት የቀለም ይዘት ሳይደባልቅ በዚያው ቅጽበት ይመዘግባል።

በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በዚህ መንገድ ሲመለከቱ፥ ከተራዎቹ ምቶች መካከል አልፎ አልፎ እጅግ ግዙፍ የሆነ ምት እንደሚነሣ አገኙ። አማካዩ ይህን ሸሽጎት ኖሯል።

ዛሬ የዐይን ሐኪሞች የዐይንን የፊት ሽፋን በፌምቶሴኮንድ ሌዘር ይቀዳሉ። የበሽተኛውን ዐይን የሚነካው እያንዳንዱ ምት እንጂ አማካዩ አይደለም። የጉና ገበሬም ቢሆን ገብሱን የሚያጠፋበት የአንዲት ቀን በረዶ ነው፤ የዓመቱ የዝናብ አማካይ ግን ስለዚያች ቀን አይናገርም። እኛም በየጽሕፈት ቤታችን አማካይ ቍጥር ሲቀርብልን፥ በውስጡ የተሸፈነውን አንዱን ነገር መጠየቅ ይገባናል።